ጨጓራ ያልሆነው ሕመሜ

ጨጓራ የለብኝም። ኖሮብኝም አያውቅም። ሚጥሚጣ እበላለሁ፣ ሎሚ እመጥጣለሁ፣ በባዶ ሆዴ ቡና እጠጣለሁ፤ ሆዴ አንድ ቀን እንኳ ቅር ብሎት አያውቅም። አዳማ፣ እኛ ሰፈር መጥታችሁ ብትጠይቁ ግን ከባለሱቁ እስከ ዕድሩ ጸሐፊ ድረስ «እሷማ ጨጓራዋ አልሻላት አለ» ይሏችኋል። ከአንዲት ሴት በቀር ተልባ ያልላከልኝ ጎረቤት የለም። አንዷ እንዲያውም የአብሽ ውሃ በጆግ ይዛ መጥታ፣ ካልጠጣሽ ንቅንቅ አልልም ብላ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች። ጠጣሁላት። ያን ሁሉ ተልባና አብሽ የተጋትኩት እናቴ አንድ ቃል ከአፏ ማውጣት ስላቃታት ነው፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ትንሽ ያናድደኛል።

ያመመኝ ሌላ ነው። የጀመረኝ በቡታጋዝ ነው። ጠዋት ሻይ አፍልቼ ሲሊንደሩን እዘጋለሁ። መዝጋቴን ዓይኔ ያያል፣ እጄም ያውቃል። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ግን አንድ ሐሳብ ከየት መጣ ሳይባል ይመጣል፤ ባይዘጋስ? እመለሳለሁ፤ ተዘግቷል። እንደገና እወጣለሁ። መንገድ ላይ ደግሞ ሌላው ይከተላል፤ ልታዪ ስትነኪው ከፍተሽው ቢሆንስ? ለዚህኛው መልስ የለኝም። ሰው ደጋግሞ ባየ ቁጥር እርግጠኛ ይሆናል፤ እኔ ባየሁ ቁጥር እርግጠኝነቴ እየቀነሰ ሄደ። ነገሩ ከቡታጋዙ ወደ ካውያው፣ ከካውያው ወደ ግቢው በር ጓጉንቸር ተሻገረ። ቤታችን ሲቃጠል፣ እናቴ ውስጥ ሆና ስትጮህ፣ በቁሜ ይታየኝ ነበር። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። ሞኝነት መሆኑን እያወቁ መመለስ ምን ያህል እንደሚያዋርድ የሚያውቀው የተመለሰ ሰው ብቻ ነው። የፋብሪካው ሰርቪስ ደግሞ እናት አይደለም፣ አይጠብቅም፤ በአንድ ወር ውስጥ ስድስት ቀን ጥሎኝ ሄደ።

የምሠራው ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ባለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ነው። ሥራዬ ጥራት ቁጥጥር ነው። የተሰፋ ሸሚዝ ጠረጴዛዬ ላይ ይመጣል፤ ኮሌታውን፣ እጅጌውን፣ የቁልፍ ቀዳዳውን አያለሁ፤ ስህተት ያለበት ቦታ ላይ ቀስት ያለባትን ቀይ ተለጣፊ ለጥፌ ወደ ስፌት እመልሰዋለሁ። እኛ ዘንድ ስህተት ያለፈው ፈታሽ ይገሠጻል፤ የሌለ ስህተት የሚፈልግ ፈታሽ ግን ሥራውን ሁሉ ያቆማል። እኔ ሁለተኛዋን ሆንኩ። አንዱን ሸሚዝ አምስት ጊዜ ስገለብጥ አጠገቤ ሸሚዝ ተከመረ። የክፍሏ ኃላፊ መጥታ አየችኝና «እኅት፣ ልትገዢው ነው እንዴ?» አለች። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

የፋብሪካው ነርስ አርሲ ያደገ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። ራሴን አመመኝ ብዬ ፓናዶል ልለምነው ስገባ ዓይኔን አይቶ ቁጭ በይ አለኝ። ቀስ እያለ ጠየቀኝ፣ እኔም ቀስ እያልኩ ተናገርኩ። «በቀን ስንት ጊዜ ትመለሻለሽ?» አለኝ። እስከዚያ ቀን ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም፤ ቁጥሩን ግን አውቀው ነበር፣ ነገርኩት። ሳይደነግጥ ጻፈው። ከዚያ ወደ ሆስፒታል የሚያስተላልፍ ወረቀት ሰጠኝ፤ አናቱ ላይ «የአእምሮ ሕክምና ክፍል» ይላል።

«አበድሽ እያልከኝ ነው?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ኧረ እኔ ምንም አላልኩሽም። ምን እንደሆነ የሚነግሩሽ እነሱ ናቸው። ምንነቱ ያልታወቀ ነገር ግን እንዴት ይታከማል?»

በሩን አላትሜ ወጣሁ። አሁን ሳገኘው አፍራለሁ፤ እሱ ግን አንድም ቀን አላነሳብኝም።

ወረቀቱን አጥፌ ከመታወቂያዬ ኋላ ሸጎጥኩት። ዘጠኝ ቀን አብሮኝ ፋብሪካ ገብቶ አብሮኝ ወጣ። ሰርቪስ ውስጥ እያወጣሁ አየዋለሁ፣ አጠገቤ ሰው ሲቀመጥ እደብቀዋለሁ። ብሄድና «ምንም የለብሽም፣ ቅብጠት ነው» ቢሉኝ ምን ይውጠኛል? «አለብሽ» ቢሉኝስ? የመጀመሪያው አስመሳይ ያደርገኛል፣ ሁለተኛው እብድ። እኛ ሰፈር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሌላ መቀመጫ የለም። ሰው ወይ ደህና ነው፣ ወይ ለቅቋል። በዐሥረኛው ቀን ብቻዬን መሸከሙ ደከመኝና ቤት ተናገርኩ።

ጊዜ አመራረጤ የሚያስመሰግን አልነበረም። ታናሽ እኅቴን ለልጃቸው ሊጠይቁ ከሻሸመኔ ሽማግሌዎች ሊመጡ አንድ ወር ቀርቷቸው ነበር። ልጁ እዚያ የመኪና መለዋወጫ ይነግዳል፤ ጨዋ ነው፣ እኅቴም ነፍሷን ትሰጠዋለች። ግን ሽማግሌ ከመምጣቱ በፊት የሚመጣ ሌላ ሰው አለ። የልጁ አክስት ከሻሸመኔ ድረስ መጥታ፣ ከሰፈራችን ሱቅ አንድ ሳሙና ገዝታ፣ ስለ እኛ ስታጣራ አርፍዳ ሄዳለች። የሚጣራው ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ድህነት ማንንም አያስደነግጥም፣ ዘር ነው የሚፈራው። የሚጥል በሽታ አለባቸው ወይ? ከቤታቸው ያበደ ሰው አለ ወይ? እኔ ደግሞ ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አላገባሁም፤ ታናሿ ቀድማኝ መዳሯ ብቻውን ለወሬ ይበቃ ነበር።

እናቴ ወረቀቱን አነበበችው። መነጽሯን አውልቃ፣ ወረቀቱን በነበረው እጥፋት መልሳ አጠፈችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ማን አየው?» አለችኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህን ነው።

«እማዬ፣ እያመመኝ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። ሠርጉ ብቻ ይለፍ።»

የጭነት መኪና የሚነዳው ወንድሜ መፍትሔ አያጣም፤ «ሐዋሳ ሄዳ ትታከም፤ እዚያ ማን ያውቃታል?» አለ። እኅቴ ቀና ብላ አይታው «ሐዋሳ የሚኬደው በሻሸመኔ በኩል ነው» አለችው። አራታችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ እናቴ ወረቀቱን መልሳ ሰጠችኝና ወጥ ልታማስል ተነሣች።

እናቴን ክፉ አድርጌ መሳል አልፈልግም። ሰፈሩ ውስጥ የታመመ ሲኖር መጀመሪያ ደጁን የምታንኳኳው እሷ ናት። ጡቷ ላይ እብጠት የወጣባትን ጎረቤት እጇን ይዛ ሐኪም ቤት ያደረሰቻት እሷ ናት። ስኳሩን ደብቆ እግሩ የቆሰለውን ሰውዬ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች ስትቆጣው ሰምቻታለሁ። ለእኔ ሲሆን ተረቱ ጠፋባት። ስትሄድ የሰፈሩ እናት ናት፣ ስትመጣ የእኔ እናት ናት፤ የፈራችው የእኔዋ ናት።

መጀመሪያ ጠበል እንሂድ አለች። እምቢ አላልኩም፤ አማኝ ነኝ። ሰባት ጠዋት ተጠመቅሁ፤ ቀዝቃዛው ውሃ ደስ ይለኝ ነበር። የከፋው ጸሎቱ ላይ ነው። «አባታችን ሆይ» ብዬ እጀምራለሁ፤ መሐል ላይ ልቤ ወደ ቡታጋዙ ከሄደ፣ ይህ አልተቆጠረም ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። በሰባተኛው ቀን ዐሥራ አንድ ጊዜ ጀምሬ አንዴም አልጨረስኩም። የሚያጠምቁት አባት አጠገቤ ቆመው ሲሰሙኝ ቆይተው «ልጄ፣ እሱ እኮ ገና ስትጀምሪ ሰምቶሻል» አሉኝ። ነገሬን ሁሉ ነገርኳቸው። «ሐኪሙንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ጠበሉንም ሐኪሙንም ያዢ» አሉ። እናቴ ከዚህ ውስጥ የሰማችው ጠበሉን ብቻ ነው።

ሰባት ቀን ጠበል መመላለሳችንን ሰፈሩ አየ፣ መክሳቴንም አየ። «ልጅቷን ምን ነካት?» ሲባል እናቴ «ጨጓራ» አለች። ጨጓራ ማን ይጠራጠራል? ሁሉም ቤት አለ፣ ሁሉም መድኃኒቱን ያውቃል፣ ማንንም አያሳፍርም። በሦስተኛው ቀን ቤታችን የተልባ መጋዘን ሆነ። ያላመጡልኝ ሴት ግድግዳ የምንጋራቸው የወሎ ሰው ናቸው። ከግድግዳው ማዶ መመላለሴን ሲያዩ ከርመዋል። አንድ ቀን አስጠርተው «ለሶላት ውዱእ ሲያደርግ፣ አልጸዳሁም እያለ ጀሪካን ሙሉ ውሃ የሚጨርስ ዘመድ ነበረን፤ እኛ ወስዋስ ነው የምንለው» አሉኝ። «ምን ሆነ?» አልኳቸው። «ምን ይሆናል? ለብዙ ጊዜ ቁርአን ቀራንበት፣ ኋላም ሐኪም ቤት ወሰድነው። አሁን አግብቶ ባቲ ይነግዳል» አሉና ሩዛቸውን መልቀም ቀጠሉ።

ስለ አጎቴም መናገር አለብኝ፤ ቤታችን ሲሸፍን የመጀመሪያው አይደለምና። ልጅ ሳለሁ፣ ግቢያችን ጥግ ባለችው ሰርቪስ ቤት የአባቴ ወንድም ይኖር ነበር። ቀኑን ሙሉ እጁን ይታጠባል፤ ቆዳው እስኪላጥ፣ እስኪደማ ይታጠባል። እንግዳ ሲመጣ በሩ ከውጭ ይዘጋበታል። ምሳውን የማደርስለት እኔ ነበርኩ። ሳህኑን ከመቀበሉ በፊት «ታጥበሻል አይደል?» ይለኛል፤ ትዕዛዝ አልነበረም፣ ልመና ነበር። ካልታጠብኩ፣ እንዳልዋሸው ብዬ ልታጠብ እመለሳለሁ። ዐሥር ዓመት ሲሞላኝ ሞተ። ለለቅሶ ለመጣው ሁሉ «ወባ ነው» ተባለ፤ አዳማ ላይ ወባ ያለ ምስክር የሚታመን ነገር ነው። አንድም ቀን ሐኪም ሳያየው፣ ምን እንደነበረበት ሳይታወቅ ተቀበረ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ዛሬ ግን እናደዳለሁ፤ ነፍሱን ይማረውና በአባቴም እናደዳለሁ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ተሸነፍኩ። አንድ ቅዳሜ ልብስ ስናሰጣ እኅቴ ከአንሶላው ማዶ ሆና፣ ፊቷን ሳታሳየኝ፣ «እንድትታመሚ አይደለም የምፈልገው። ሠርጉ እስኪያልፍ ብቻ ጠብቂኝ። ለእኔ ብለሽ» አለችኝ። ትንሽ እያለች በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት ናት፤ ለእሷ እምቢ ማለት አላውቅበትም። «እሺ» አልኳት። አጠፋሁ። ሕመም የሠርግ ቀን አይቶ አይጠብቅም፤ ከቀን ወደ ቀን ባሰብኝ።

ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው፣ ዓርብ ዕለት፣ እናቴ ላይ ቆለፍኩባት።

እናቴ በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ እኅቴና ወንድሜም ቀድመውኝ ወጥተው ሲመሽ ነው የሚመለሱት፤ ከቤት መጨረሻ የምወጣው እኔ ነኝ፤ የግቢውን በር ከውጭ በጓጉንቸር እዘጋና እሄዳለሁ። ያን ቀን ጉልበቷን አሟት ጓዳ ተኝታ ነበር። አላየኋትም፤ ዓይኔ ቡታጋዙ ላይ ነበር። ቆልፌ ሄድኩ፣ ተመልሼ ጎተትኩት። ሄድኩ፣ ተመልሼ ጎተትኩት። አራት ጊዜ። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ስመለስ በሩን ስከፍተው እናቴ ከበሩ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን ለብሳ፣ የጤና ጣቢያ ካርዷን ይዛ። የደም ግፊት ቀጠሮዋ የዚያን ቀን ነበር፣ የምትውጠውም ኪኒን አልቆ ነበር።

«እማዬ! ለምን አልጠራሽኝም?»

«ስትቆልፊ ሰምቼ ተነሥቼ ወጣሁ፤ ስትመለሺም ሰምቼሻለሁ» አለች። «አራቱንም ጊዜ ሰምቼሻለሁ። ብጠራሽ ሰርቪሱ ያመልጥሻል ብዬ ነው።»

«ስልክስ? ጎረቤትስ?»

«ልጄ ቆለፈችብኝ ልበል? ከነገ ወዲያ እንግዳ ሊመጣ?» የወሎዋ ጎረቤታችን በግድግዳው ላይ ድምጿን ሰምተው ቢጠይቋት «ቁልፉ ዝጎ ነው» ብላቸዋለች።

እንግዲህ ይህን አስቡት። እኔ ከውጭ ሆኜ ብረቱን ስነቀንቅ፣ እናቴ ከውስጥ፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ርቀት፣ እስትንፋሷን ይዛ ቆማ ነበር። ጓጉንቸሩን የቆለፍኩት እኔ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ እዚያ ያቆያት ግን ይሉኝታ ነው። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩና እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ከዚያ ዕንባዬን ጠርጌ «ሰኞ ሆስፒታል እሄዳለሁ» አልኩ።

«ከእሑድ በኋላ እንነጋገርበታለን።»

«አንነጋገርበትም። እሄዳለሁ።»

ለእኅቴም እሺታዬን ማንሣቴን ነገርኳት። ለእሑድ ግን አፌን እንደምዘጋ ቃል ገባሁላት፤ ይህን ቃል ከልቤ ነበር የገባሁት።

እሑድ አምስት ሰዎች ከሻሸመኔ መጡ። መሪያቸው የልጁ አጎት ናቸው፤ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ፊታቸው ደስ የሚል ሽማግሌ። «አካም ቡልተን?» ብለው ለሁላችንም እየዞሩ እጅ ሰጡ። የእኛ ወገን የዕድሩ ሊቀመንበርና የአባቴ የድሮ የስኳር ፋብሪካ ባልደረባ ናቸው። ተቀመጡ ሲባሉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤ ኧረ ተቀመጡ፤ አንቀመጥም፤ ወጉ ሁሉ በወጉ ተደረገ። ቆቃ ላይ መንገዱ እንዴት እንደተጨናነቀ ተነገረ። ልጅ ለልጅ ተጠየቀ። እኅቴ ጓዳ፣ መጋረጃው ኋላ ቆማ ታዳምጣለች። እኔ ለስላሳ የተደረደረበት ትሪ ይዤ እዞራለሁ፤ አፌን እንደ ቃሌ ዘግቻለሁ።

ነገሩ ሊያልቅ ሲል የልጁ አጎት ወደ እናቴ ዘወር ብለው «ትልቋ ልጅዎ ያማታል ሲባል ሰማን፤ ጨጓራ ነው አሉን። እግዜር ይማራት» አሉ።

«አዎ፣ ጨጓራ ነው። አሁንማ ቀለል ብሏታል» አለች እናቴ።

እሳቸውም እውነት መስሏቸው፣ በእውነት አዝነው፣ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የእኔም ባለቤት ጨጓራ ይዟት በስንት መከራ ዳነች። አንቺ ዝም ብለሽ ተልባውን ቆልተሽ፣ ወቅጠሽ፣ በባዶ ሆድሽ…» እያሉ በእጃቸው አወቃቀጡን ሲያሳዩኝ፣ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ቢጠረጥሩኝ እችለው ነበር። ደግነታቸውን ነው ያልቻልኩት። ለሌለብኝ በሽታ ሰው ሁሉ ሲያዝንልኝ፣ ላለብኝ በሽታ ግን አንድ ሰው እንኳ እንዲያዝንልኝ አልተፈቀደም።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ጨጓራ አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «የአእምሮ ሕመም ነው። ስሙን ገና አላወቅሁትም፤ ነገ ሆስፒታል ሄጄ አውቀዋለሁ። የአባቴ ወንድምም በወባ አልሞተም፤ እሱም ይህ ነበረበት፣ ሐኪም ሳያየው ሞተ። እኅቴ ምንም የለባትም። ደግሞም ብትጠሉን ዛሬ ጥሉን፤ ከሠርጉ በኋላ ተታለልን እንዳትሉ።»

የዕድሩ ሊቀመንበር ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ነገሩን ሊያድኑ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ልጅቷ ደክሟት ነው» አሉ።

«አላመለጠኝም ጋሼ» አልኳቸው። «አውጥቼው ነው።»

የልጁ አጎት ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ እኔን አዩ፣ መሬቱን አዩ። የጀመሩትን ለስላሳ እንኳ ሳይጨርሱ፣ «ተመካክረን እንመለሳለን» ብለው ተነሡ። በሩ ላይ «ነጋቲ» ብለው ተሰናበቱን፤ እንደ መምጫቸው ግን እጅ አልሰጡም። እኅቴ ከመጋረጃው ወጥታ «አሁን ደስ አለሽ?» አለችኝ። ይህ ለሚቀጥለው አንድ ወር ያህል የሰማሁት የመጨረሻ ቃሏ ነበር። ደስ አላለኝም። ግን አልተጸጸትኩም፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ሰኞ ብቻዬን ሄድኩ። ካርድ አወጣሁ፣ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያ የነበሩት ሰዎች እንደ እኔው ሰዎች ነበሩ፤ የባንክ ሠራተኛ የሚመስል አንድ ሰው፣ ጥፍሯን የምትነክስ አንዲት ተማሪ፣ ባሏን እጁን ይዛ የተቀመጠች ገበሬ። ሐኪሟ ከእኔ በዕድሜ የምታንስ ሴት ናት። ጠየቀችኝ፣ መለስኩ፤ የማላውቃት ሴት ለማንም ያልነገርኩትን ራሷ ትጨርስልኝ ጀመር። «ካየሽ በኋላ ስትነኪው የከፈትሽው ይመስልሻል አይደል?» ስትለኝ ሳቄ መጣ። እንዴት አወቀች? «ኦሲዲ ይባላል» አለችኝና በአማርኛ አስረዳችኝ፤ የማይፈለግ ሐሳብ በግድ ይመጣል፣ ሐሳቡን ለማባረር ሰውየው አንድ ነገር ይደጋግማል፣ በደጋገመ ቁጥር ሐሳቡ ይበረታል። ብዙ ሰው አለበት፣ መድኃኒትና በየሁለት ሳምንቱ የንግግር ሕክምና አለው አለች። «አብጃለሁ ማለት ነው?» አልኳት። «ታመሻል ማለት ነው» አለችኝ።

የተሰጠኝን ኪኒን ቤት ወስጄ ሳሎን ቡፌው ላይ አስቀመጥኩት፤ እንግዳ የሚቀመጥበት ሶፋ ትይዩ። እናቴ ዳንቴል አለበሰችው። ዳንቴሉን አነሣሁ። በማግስቱ ከኩባያዎቹ ኋላ አገኘሁት፤ ወደ ፊት አመጣሁት። ሳንነጋገር ሁለት ሳምንት እንዲህ ተጣላን። ፋብሪካም ኃላፊዬ እስኪሻለኝ ብላ ወደ ማሸጊያ ክፍል አዛወረችኝ፤ ምን እንዳመመኝ ስትጠይቀኝ በስሙ ነገርኳት። አፏን ይዛ ቀረች፣ ከዚያ ወንበር ሰጠችኝ። አንዳንዶቹ ራቁኝ። ይራቁ።

ሽማግሌዎቹ ተመለሱ ወይ? ተመለሱ፤ በአምስተኛው ሳምንት፣ አምስቱም ሳይሆኑ ሦስቱ። ልጁ እሷን ካልሆነ ማንንም አላገባም ብሎ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። እኅቴ ዛሬ ታናግረኛለች፤ ይቅር አላለችኝም ግን። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኋትም። ሐዘኗን እቀበላለሁ፣ የጎዳኋትም እውነት ነው፤ ያን ቀን እንደገና ቢመጣ ግን ያንኑ እደግመዋለሁ፣ እሷም ይህን ታውቃለች።

መጻፍ የፈለግሁት ግን ከዚያ በፊት ያለውን አንድ ሰኞ ነው። ሽማግሌዎቹ ገና ድምፃቸው አልተሰማም፤ እኅቴ ፊቷን አዙራብኛለች፤ ቤቱ ለቅሶ ቤት መስሏል። ለሦስተኛ ቀጠሮዬ ልሄድ ስወጣ እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በረንዳው ላይ ቆማለች። «ወዴት ነው?» አልኳት። «ከአንቺ ጋር» አለችና ቀድማኝ ባጃጅ ውስጥ ገባች። መንገዱን ሙሉ ነፋሱ አቧራውን ያነሣው ነበር፤ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ውጭ ታያለች።

የሆስፒታሉ በር ላይ ለፍተሻ ተሰልፈናል። ሁለት ሰው ከፊታችን የዕድራችን ሴት ቆማለች፤ የልጅ ልጇን አዝላ፣ ለክትባት ይመስለኛል። በሰፈራችን ከእሷ ጆሮ የሚያመልጥ ወሬ የለም። ዞር ስትል አየችን፣ በዓይኗ ሰላም አለችን፣ ከዚያም ሰው እንደሚያደርገው የት ክፍል እንደምንሄድ ልትሰማ ቀረት አለች።

«እማማ፣ ወዴት ክፍል ነው?» አላት ጥበቃው።

እናቴ ሴትዮዋን አየቻት። ልመልስላት አፌን ስከፍት እጄን ጨብጣ ያዘችኝ፤ ከዚያ ገበያ መሐል ሰው እንደምትጠራ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «የአእምሮ ሕክምና ክፍል። ልጄን ላሳክም ነው የመጣሁት። በየት በኩል ነው?» አለች።

ጥበቃው በእጁ አሳያት። ያሳያት ዙሪያውን ነበር፤ አቋራጩን እኔ አውቀዋለሁ። እናቴ እጄን እንደያዘች ቀድማ መራመድ ጀመረች፤ ዝም ብዬ ተከተልኳት።